ሚዛኑ በማን እጅ ነው? የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ታሪክና አሠራር

በሀዲያዋ ሞርሲቶና በአካባቢው ደጋ ስንዴ፣ ገብስ፣ ባቄላና እንሰት የሚያመርት ገበሬ በዓመት ሁለት ጊዜ ትልቅ ገንዘብ ያንቀሳቅሳል። ክረምት ሲቃረብ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ይገዛል፤ መኸር ሲሰበሰብ ምርቱን ይሸጣል። በሁለቱም ጊዜ ዋጋውን የሚቆርጠው ሌላ ነው። ማዳበሪያው ከባሕር ማዶ ይመጣል፣ የስንዴው ዋጋም የሚወሰነው ገበሬው በማያውቀው መጋዘንና ፋብሪካ ነው። የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር በዚህ ክፍተት የተተከለ ተቋም ነው። ከመንደር ተነሥቶ ከዓለም ትልልቅ ኩባንያዎች ጋር እስከ መደራደር ደርሷል፤ በሌላ ዘመን ደግሞ ገበሬው የሚሸሸው የመንግሥት ክንድ ሆኖ ታይቷል። ይህን ሁለት ዓይነት ዕድል ለመረዳት ሦስት ነገሮችን ደጋግሞ መመልከት ይጠቅማል፤ በአባላት መዝገቡ ላይ ማን ሰፍሯል? ሚዛኑን የያዘው ማን ነው? በጉባኤው እምቢ ማለት ይቻላል?

1. ለምን አስፈለገ?

ጥቂት ኩንታል ስንዴ ጭኖ ገበያ የሚወጣ ገበሬ የሚገጥመው ችግር ከምርቱ ጥራት በፊት የጊዜ ችግር ነው። የማዳበሪያ ዕዳ፣ ግብር፣ የልጆች ትምህርት ወጪና የጥር ሠርግ በአንድነት የሚደርሱት እህል በተትረፈረፈበት በታኅሣሥና በጥር ነው። ሁሉም በአንድ ሰሞን ስለሚሸጥ ዋጋው ይወርዳል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዋጋው ሲሰቀል ያው ገበሬ ጎተራው ባዶ ሆኖ ገዢ ይሆናል። በርካሽ ሸጦ በውድ መግዛት በየዓመቱ የሚደጋገም ኪሳራ ነው።

ሁለተኛው ችግር የብዛት ነው። ገበሬው ለሰብሳቢ ይሸጣል፤ ሰብሳቢው ለጅምላ ነጋዴ፣ ጅምላ ነጋዴው ለዱቄት ፋብሪካ ያቀብላል። በየደረጃው የአዲስ አበባን ዋጋ የሚያውቀው ገዢው ነው፤ ሚዛኑም የሚገኘው በገዢው ደጅ ነው። አንድ ገበሬ በሚዛኑ ቢጠራጠር ያለው ምርጫ እህሉን መልሶ መጫን ብቻ ነው። ገዢው አንድ ሻጭ ቢያጣ አይጎዳም፤ ሻጩ ግን አንድ ገዢ ቢያጣ የዕለቱ ገበያ ያልፈዋል።

ማኅበሩ ለዚህ ያቀረበው መፍትሔ የተወሳሰበ አይደለም። ምርትን በአንድ መጋዘን ማከማቸት፣ በራስ ሚዛን መመዘን፣ ዋጋ እስኪሻሻል ለመቆየት የሚያስችል ቅድሚያ ገንዘብ ለአባሉ መስጠት፣ ግብዓትንም በጅምላ መግዛት ነው። ተቋሙን የሚያስቸግረው መፍትሔው ሳይሆን ይህን ሁሉ ለማድረግ የሚጠይቀው መተማመን ነው።

2. ከሕጉ በፊት የነበረው መተማመን

መተማመኑ ከባዶ የጀመረ አልነበረም። ደቦና ወንፈል ጉልበትን፣ ዕቁብ ገንዘብን፣ ዕድር ደግሞ ሐዘንን ያስተባብራሉ። በሀዲያና በከምባታ ሴቶች ዊጆ በሚሉት ማኅበር ወተታቸውን በልክ እያዋጡ በተራ ይወስዳሉ፤ ተራ የደረሳት ሴት ከአንዲት ላም ሊገኝ የማይችል ቅቤ ታወጣለች። ሴራ የሚባለው የመንደር ሥርዓት ደግሞ ያጠፋን በሽማግሌ ፊት አቅርቦ ይቀጣል፣ ሲታረቅም ይመልሳል። መዋጮ፣ ተራ፣ ሰብሳቢ፣ ቅጣት የሚሉትን ነገሮች ገበሬው ከአዋጅ አልተማራቸውም።

እነዚህ መረዳጃዎች ግን ሁለት ወሰን ነበራቸው። አንደኛው ስፋት ነው፤ የሚተዋወቁ ሰዎችን ስለሚይዙ ከመንደር አይወጡም፣ ከነጋዴ ጋርም አይደራደሩም። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ የማይነሣ ነው። በሀዲያና በከምባታ ሸክላ የሚሠሩ፣ ቆዳ የሚያለፉ፣ እንጨትና ብረት የሚያበጁ ቤተሰቦች ከጎረቤቶቻቸው ጋር ቋንቋና ገበያ እየተጋሩ ማዕድ ግን አይጋሩም ነበር። ሌሎች ያወጡላቸው፣ ዛሬ እንደ ስድብ የሚቆጠረው ፉጋ የሚለው ስም መለያቸው ሆነ። ጋብቻ ተከለከሉ፤ ከሌላው ቤት ገብተው መቀመጥ፣ በአንድ ዕቃ መጠጣት፣ በአንድ መቃብር ስፍራ መቀበር በብዙ ቦታ የማይታሰብ ነበር። እንሰት የሚቀቀልበትን ድስት የምትሠራው ሴት በዕድሩ መዝገብ ላይ ስሟ የለም። የቆዳ ቀለም ልዩነት በሌለበት በትውልድ ብቻ የሚወረስ ይህ መገለል፣ በሌላው ዓለም የዘር መድልዎ የሚሠራውን ሥራ ሁሉ ይሠራ ነበር።

3. የመጀመሪያዎቹ አዋጆች

ዘመናዊው የኅብረት ሥራ ሐሳብ የተወለደው በእንግሊዝ ሮችዴል ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1844 በአብዛኛው ሸማኔ የሆኑ 28 ሠራተኞች ዱቄት፣ ቅቤና ስኳር የሚሸጥ የራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ። ያወጡት ደንብ እስከ ዛሬ የዓለም ኅብረት ሥራ ማኅበራት መሠረት ነው፤ አባልነት ክፍት ይሁን፣ ለአንድ አባል አንድ ድምፅ ይኑር፣ ትርፍ አባሉ ከማኅበሩ ጋር በተገበያየው መጠን ይከፋፈል ይላል። በሦስተኛው ደንብ ላይ ቆም ማለት ይገባል። በአክሲዮን ኩባንያ ትርፉን የሚወስደው ገንዘብ ያዋጣው ነው። በኅብረት ሥራ ማኅበር ግን ዕቃውን የገዛው ወይም ምርቱን ያስረከበው አባልም በግብይቱ ልክ ድርሻ አለው።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የእርሻ ኅብረት ሥራ ድንጋጌ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ወጣ፤ በ1958 ዓ.ም. ደግሞ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 241 ተከተለ። ሕጉ ከሞላ ጎደል የሮችዴልን መንፈስ የያዘ ቢሆንም የሚቆምበት መሬት አላገኘም። በደቡብ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የተተከለው የመሬት ሥርዓት አብዛኛውን ገበሬ ጭሰኛ አድርጎት ነበር። እስከ ምርቱ እኩሌታ የሚደርስ ድርሻ ለባለመሬት የሚሰጥ፣ ነገ ከመሬቱ ሊነቀል የሚችል ሰው ምርቱን ለማኅበር ላስረክብ ቢል ባለመሬቱ ይቀድመዋል። ስለዚህ ጥቂት ማኅበራት መሬትና ገንዘብ ባላቸው ዙሪያ ተቋቋሙ፤ ጭሰኛው ግን ውጭ ቀረ።

4. መሬቱ ለአራሹ፣ ማኅበሩ ለመንግሥት

ደርግ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ያወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት አደረገ። ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር ያልበለጠ የማረስ መብት ተሰጠ፤ ቢያንስ 800 ሄክታር በሚሸፍን ክልል የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም ታዘዘ። ለደቡቡ ጭሰኛ ይህ ከዘመናት ሸክም መላቀቅ ነበር። በትውልድ የተገለሉት የእጅ ባለሙያዎችም በሕግ ፊት እንደማንኛውም አራሽ ተቆጠሩ፤ በብዙ ቀበሌ ለመጀመሪያ ጊዜ መሬት ተመዘገበላቸው፣ በስብሰባም ከሌላው ጎን ተቀመጡ። የደረሳቸው መሬት ብዙ ጊዜ ጠባብና ደካማ ነበር፤ ሆኖም ስማቸው መዝገብ ላይ ሰፈረ።

በገበሬ ማኅበሩ ላይ ሁለት ዓይነት ኅብረት ሥራ ተገነባ። አገልግሎት ሰጪው ጨው፣ ስኳር፣ ሳሙናና ጨርቅ የሚያከፋፍል ሱቅ፣ ወፍጮና መጋዘን ነበረው። አምራቹ ደግሞ መሬትንና በሬን እያዋሐደ መልባ፣ ወልባ፣ ወላንድ በሚባሉ ደረጃዎች ወደ ጋራ እርሻ እንዲያድግ ሰኔ 1971 ዓ.ም. በወጣው መመሪያ ታቀደ። ከዚህ ጎን የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ቆመ። በየቀበሌው ኮታ ይደለደላል፤ ገበሬው ከገበያው በታች በሆነ ዋጋ ያስረክባል፤ ኮታውን የሚሰበስበው ደግሞ የራሱ ማኅበር ነው። ምርቱ ያልበቃው ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ ኮታ የሞላበት ጊዜ ነበር።

ነጋዴውን ይገዳደራል የተባለው ተቋም የነጋዴውን ቦታ ራሱ ያዘ፤ ያውም በኃይል። አባልነት በፈቃድ መሆኑ ቀረ፣ ጉባኤ የሚጠራው መመሪያ ለመስማት ሆነ። የካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ አምራች ማኅበራቱ በሳምንታት ውስጥ ፈረሱ፤ ገበሬው በሬውን ነድቶ፣ መሬቱን ተከፋፍሎ ተመለሰ። በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ሰሞን የአገልግሎት ማኅበራት ሱቅና መጋዘን በየቦታው ተዘረፈ። ሰው የራሱን ሱቅ አይዘርፍም፤ የተዘረፈውን ሱቅ ገበሬው የራሱ አድርጎ አላየውም ነበር።

5. ዳግም ምዝገባ

ተቋሙ በስሙ ላይ ከተጣበቀው መጥፎ ትዝታ ጋር እንደገና ለመቆም ዓመታት ወሰደ። በ1986 ዓ.ም. የግብርና ኅብረት ሥራ አዋጅ ቁጥር 85 ወጣ፤ በ1991 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 147 ደግሞ ለሁሉም ዓይነት ማኅበራት መሠረት ጣለ። አባልነት በፈቃድ ነው፣ አመራሩን አባላት ይመርጣሉ፣ ትርፍ ይከፋፈላል የሚሉት አንቀጾች ያለፈውን በቀጥታ የሚሽሩ ነበሩ። በ1994 ዓ.ም. የፌዴራል ኮሚሽን ተቋቋመ፤ በ2009 ዓ.ም. ሕጉ በአዋጅ ቁጥር 985 ተተካ።

እድገቱን የገፋው ግን ማዳበሪያ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ግብዓት የሚያከፋፍሉት በአብዛኛው ለገዢው ግንባር የቀረቡ የክልል ኩባንያዎች ነበሩ፤ በአማራ አምባሰል፣ በትግራይ ጉና፣ በኦሮሚያ ዲንሾ፣ በደቡብ ወንዶ። ኩባንያዎቹ ቀስ በቀስ ሲወጡ ቦታውን ኅብረት ሥራዎች ያዙ። ክልሎች በበጀታቸው ዋስ እየሆኑ ከባንክ ብድር ተገኘ፣ ማዳበሪያው በዩኒየን በኩል ወደ ቀበሌ ወረደ። በሀዲያ ሊቻ ሀዲያ፣ በከምባታ አንጋጫን የመሳሰሉ ዩኒየኖች የወጡት ከዚህ ማዕበል ነው። አባል ለመሆን የማይጓጓው ገበሬ እንኳ ማዳበሪያ ሲፈልግ የማኅበሩን ደጅ ማንኳኳት ጀመረ።

6. አወቃቀሩ

መሠረቱ በቀበሌ ወይም በአጎራባች ቀበሌዎች የሚቋቋመው መሠረታዊ ማኅበር ነው። መነሻ ገንዘቡ የመመዝገቢያ ክፍያና አባላት የሚገዙት ዕጣ ነው። የበላይ አካሉ ጠቅላላ ጉባኤ ሲሆን፣ ዕለታዊውን ሥራ የሚከታተል የሥራ አመራር ኮሚቴና ያንን ኮሚቴ የሚቆጣጠር ሌላ የቁጥጥር ኮሚቴ ይመረጣሉ። በ1991ዱ አዋጅ የአመራሩ ዘመን ሦስት ዓመት ነበር። አንድ አባል ከጠቅላላው ዕጣ ከ10 በመቶ በላይ እንዳይዝ ተከልክሏል፤ የያዘው ዕጣ ቢበዛም ድምፁ አንድ ነው። በ1991ዱ አዋጅ ከዓመቱ የተጣራ ትርፍ 30 በመቶው ለመጠባበቂያ ይቀመጥ ነበር፤ ቀሪው በዕጣና በተሳትፎ ልክ ይከፋፈላል።

ብዙ መሠረታዊ ማኅበራት ተባብረው ዩኒየን ይመሠርታሉ። ዩኒየኑ የጭነት መኪና፣ ትልቅ መጋዘን፣ የሂሳብ ባለሙያና ቅጥር ሥራ አስኪያጅ አለው። ዩኒየኖች ተሰባስበው ፌዴሬሽን ማቋቋም ይችላሉ። በኦሮሚያ ማኅበራቱ የራሳቸውን ባንክ እስከማቋቋም ሄደዋል፤ የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል።

ደረጃው ከፍ ሲል የመደራደር አቅም ይጨምራል፣ የገበሬው ዐይን ግን ይርቃል። በቀበሌ ማኅበር ሚዛኑን አባሉ ቆሞ ያያል። በዩኒየን ደረጃ በወኪል ይወከላል፣ የሚያየውም የኦዲት ሪፖርት ነው። ኦዲቱን የሚሠራው፣ የሚመዘግበውና የሚያሠለጥነው ደግሞ የመንግሥት የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ነው። ስለዚህ በወረቀት ራሱን የቻለው ተቋም በተግባር አንድ እግሩን በጽሕፈት ቤቱ ውስጥ እንዳደረገ ይቆያል።

7. ከኩባንያ ጋር ፊት ለፊት

ተቋሙ ምን ያህል እንደሚችል የታየው በቡና ነው። ዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት የኮታ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1989 ፈረሰ። እ.ኤ.አ. በ2001 የዓለም አማካይ ዋጋ ለአንድ ፓውንድ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወረደ። ገበያውን ጥቂት ትልልቅ ቡና ቆዪ ኩባንያዎች ተቆጣጥረውት ነበር፤ በአውሮፓና በአሜሪካ የስኒው ዋጋ ሳይቀንስ በሲዳማና በጅማ የገበሬው እጅ ባዶ ሆነ። በሐረርጌ ብዙዎች ቡናውን ነቅለው ጫት ተከሉ።

የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ዩኒየን በ1991 ዓ.ም. በ34 መሠረታዊ ማኅበራት ተመሠረተ፤ የሲዳማና የይርጋጨፌ ዩኒየኖች ተከተሉ። ዩኒየኖቹ ቡናቸውን በቀጥታ ወደ ውጭ የመላክ ፈቃድ አገኙ፤ የፍትሐዊ ንግድ ምስክር ወረቀት ይዘው ለትምህርት ቤት፣ ለጤና ጣቢያና ለውኃ የሚውል ተጨማሪ ክፍያ አመጡ። በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ተቋቁሞ አብዛኛው ቡና በእርሱ በኩል እንዲያልፍ ሲደረግም ዩኒየኖች በቀጥታ መላካቸውን ቀጠሉ።

በዚያው ዘመን ሁለት ግጭቶች የዓለም ዜና ሆኑ። የመጀመሪያው የኔስሌ ነው። ኩባንያው ደርግ በወረሰው የእንስሳት ልማት ድርጅት ምክንያት 6 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ጠየቀ፤ ጥያቄው ይፋ የወጣው በ1995 ዓ.ም. ታኅሣሥ፣ ሚሊዮኖች ድርቅ ባጠቃቸው ሰሞን ነበር። የበጎ አድራጎት ድርጅቱ ኦክስፋም ባስተባበረው ዘመቻ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ለኩባንያው ተቃውሞ ጻፉ። በሚቀጥለው ወር ኔስሌ በ1.5 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ፤ ገንዘቡንም ለረሃብ እርዳታ መልሶ ሰጠ።

ሁለተኛው የአሜሪካው የቡና ኩባንያ የስታርባክስ ነው። ኢትዮጵያ በ1997 ዓ.ም. ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጋ ለማስመዝገብ አመለከተች፤ የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ተቃወመ። የይገባኛል ጥያቄውን ያዘጋጀው የኢትዮጵያ የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ነው። ጉዳዩን ከቢሮ ወደ አደባባይ ያወጡት ግን የዩኒየን ተወካዮች፣ ኦክስፋምና ስኒያቸውን ይዘው የጠየቁ ጠጪዎች ናቸው። የወቅቱን የኦሮሚያ ዩኒየን ሥራ አስኪያጅ ታደሰ መስቀላን የሚከታተለው ‹ብላክ ጎልድ› የሚባለው ዘጋቢ ፊልም በ1998 ዓ.ም. ለእይታ ቀርቦ ነበር። ኦክስፋም ምልክቶቹ ለኢትዮጵያ በዓመት እስከ 88 ሚሊዮን ዶላር ሊያስገኙ እንደሚችሉ ገምቷል። ሰኔ 1999 ዓ.ም. ስታርባክስ የኢትዮጵያን መብት ተቀብሎ የፈቃድ ስምምነት ፈረመ።

በስታርባክሱ ግጭት የተሸነፈው፣ ዋጋና ስም የሚወስነው ያከማቸው፣ የቆላውና የሸጠው ነው የሚለው ክርክር ነው። ከዚያ ወዲህ የውጭ ኩባንያዎች ራሳቸው ወደ አገር ውስጥ መጥተዋል። የመጠጥ ኩባንያዎቹ ሄኒከን በ2003 ዓ.ም. የበደሌና የሐረር ቢራ ፋብሪካዎችን፣ ዲያጂዮ በ2004 ዓ.ም. ሜታ አቦን ሲገዙ የብቅል ገብስ ፍላጎት አደገ፣ ውል የሚፈራረመው ገበሬም በዛ። የሀዲያ ደጋ ገበሬም የብቅል ገብስ ይዝራ ስንዴ ይዝራ ውሉን ለብቻው ከፈረመ የሚያነብለት አይኖረውም፤ በማኅበር ከፈረመ ግን ዋጋው የሚከለስበትን ቀን ማስገባት ይችላል።

8. ከውቅያኖስ ማዶ ያለው ወንድም ተቋም

ኅብረት ሥራ ኩባንያንና የዘር መድልዎን በአንድ ጊዜ የተጋፈጠበት ታሪክ የሚገኘው በአሜሪካ ደቡብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአላባማና በሚሲሲፒ ጥቁር የእኩል አራሾች በመራጭነት ስለተመዘገቡ ብቻ ከሚያርሱት መሬት ተባረሩ። ባንክ አያበድራቸውም፣ ዘር ሻጩ አይሸጥላቸውም፣ የጥጥ ገዢው በሚዛኑ ያጭበረብራቸው ነበር። ለእኩልነት ድምፅ የሰጠ ሰው በልቶ ማደር ስላለበት የመብት ትግሉ ወደ ኅብረት ሥራ ዞረ።

እ.ኤ.አ. በ1967 የደቡብ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ፌዴሬሽን በ22 ማኅበራት ተመሠረተ፤ በኋላም በአላባማ ኤፕስ ከተማ የገጠር ማሠልጠኛ አቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1969 የመብት ታጋይዋ ፋኒ ሉ ሄመር በሚሲሲፒ ሰንፍላወር አውራጃ የነፃነት እርሻ ኅብረት ሥራን ጀመረች። ፌዴሬሽኑ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ለረጅም ጊዜ በዘለቀ የፌዴራል ምርመራ ሰነዶቹ ተበርብረው ክስ ግን አልተመሠረተበትም። ጥቁር ገበሬዎች በአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ላይ ያቀረቡት የብድር መድልዎ ክስ እ.ኤ.አ. በ1999 በስምምነት ከተቋጨ በኋላ መንግሥት ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከፈለ። እስከዚያ ድረስ መሬታቸውን እንዳይሸጡ ገበሬዎችን ሲመክር፣ ሰነዳቸውን ሲያደራጅ የኖረው ይኸው ፌዴሬሽን ነው።

ይህ ታሪክ ለእኛ ተቋም የሚነግረው ነገር አለ። በአላባማ ማኅበሩ የተቋቋመው ከመሬት በተባረሩት ሰዎች ነው፤ የተገለለው ራሱ መሥራች ሆነ። በእኛ አገር ማኅበሩ የተቋቋመው መሬት ባለው አብዛኛው ገበሬ ነው፤ የተገለለው በሩ ላይ ቆመ።

9. በመዝገቡ ላይ የሌሉት

ሕጉ ማንንም በትውልዱ አይከለክልም። የግብርና ማኅበር ግን አባል የሚያደርገው የሚያስረክብ ምርት ያለውን ነው፤ ምርት የሚገኘው ከመሬት ነው። ሸክላ ሠሪ ቤተሰብ የያዘው ቁራሽ መሬት ስንዴ ሸጦ የሚተርፈው አይደለም። አባልነቱ በባሏ ስም የተመዘገበባት ሴት ማዳበሪያውን ተሸክማ ትመጣለች፣ በጉባኤው ግን ድምፅ የላትም። የከምባታና የሀዲያ የሕዝብ ጥግግት በአገሪቱ ከከፍተኛዎቹ የሚመደብ መሆኑ ደግሞ ሦስተኛ ቡድን ፈጥሯል፤ ከአባቱ የሚከፋፈለው መሬት ያጣ ወጣት። ባለፉት ሃያ ዓመታት ከሆሳዕና ዙሪያ ብዙዎች ኬንያንና ታንዛኒያን አቋርጠው ደቡብ አፍሪካ ገብተዋል። እዚያም በጥቁሮች መኖሪያ ሰፈሮች ሱቅ ከፍተው ሲሠሩ በባዕድ ጥላቻ ረብሻዎች ሱቃቸው ተዘርፏል፣ ሕይወት ጠፍቷል። አገር ቤት መዝገብ ያልያዘው ሰው በሰው አገርም በመጤነት ተቆጥሮ ተባረረ።

በሩን ለመክፈት የተደረገው ጠንካራ ሙከራ የመጣው ከኅብረት ሥራው ውጭ ነው። ቦጋለች ገብሬ ከእኅታቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 በከምባታ ያቋቋሙት ከምባቲ ሜንቲ ገዚማ የሚባለው የሴቶች ድርጅት ዋና ሥራው የሴት ልጅ ግርዛትንና ጠለፋን ማስቆም ነበር። ስብከት አላበዛም፤ ሽማግሌ፣ ወጣት፣ ሴትና የእጅ ባለሙያ በክብ ተቀምጠው ለወራት የሚነጋገሩበትን የማኅበረሰብ ውይይት ዘረጋ። ማዕድ የማይጋሩ ሰዎች በአንድ ክብ ሲቀመጡ የመገለሉ ጉዳይ ራሱ መወያያ ሆነ፤ ውሳኔዎቹም በዕድርና በሴራ በኩል ደንብ እየሆኑ ወጡ። የሐሳቡ ብልኃት አዲስ ተቋም ብቻ ከመትከል ይልቅ ሰው የሚያከብረውን ተቋም ደንብ መለወጡ ነው።

10. የዛሬው ሚና

ዛሬ ሆሳዕና ነሐሴ 2015 ዓ.ም. በተመሠረተው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ከዋና መቀመጫዎቹ አንዷ ናት። በከተማዋም ሆነ በዙሪያዋ ባሉ እንደ ሞርሲቶ፣ ዱራሜና ሾኔ ባሉ ከተሞች ኅብረት ሥራ በየዕለቱ የሚታይ ተቋም ነው። ማዳበሪያ ያከፋፍላል፣ ዘይትና ስኳር በተመጣጣኝ ዋጋ ያቀርባል፣ ምርጥ ዘር ያባዛል፣ በመኸር ወቅት ስንዴ ይገዛል። የቁጠባና ብድር ማኅበራት ደግሞ መሬት የሌላቸውን ሴቶችና ወጣቶች መቀበል የጀመረ ሌላ ቅርንጫፍ ሆነዋል።

ድክመቱም ከጥንካሬው ጋር ተያይዞ ይታያል። ማዳበሪያ ማከፋፈሉ ደንበኛ አምጥቶለታል፤ ዕዳ አስከፋይ የመሆን ሥራም አሸክሞታል። ኮሚቴው የመንግሥት ዕቅድ ለማሟላት ሲሯሯጥ የአባሉ ምርት የሚሸጥበት ጊዜ ያልፋል። ገንዘብ ስለሚያጥረው ታኅሣሥ ላይ ከነጋዴው እኩል መግዛት ያቅተዋል፤ አባሉም ለነጋዴ ይሸጥና ማኅበሩ ባዶ መጋዘን ይዞ ይቀራል። ሂሳቡ በወቅቱ ካልተመረመረ ሐሜት ይነግሣል፤ ሐሜት ባለበት ምርቱን በአደራ የሚሰጥ የለም።

የእነዚህ ችግሮች መፍትሔ አብዛኛው በጠቅላላ ጉባኤው እጅ ነው። ጉባኤው በዓመት አንድ ቀን ተጠርቶ ሪፖርት ሰምቶ ከተበተነ ተቋሙ በደርግ ዘመን ወደነበረበት ይመለሳል። የቁጥጥር ኮሚቴው ሚዛኑን በአባላት ፊት ከፈተሸ፣ የኦዲቱ ቁጥር በሁሉም በሚገባ ቋንቋ ከተነበበ፣ አመራሩን ያለ ሥጋት ማውረድ ከተቻለ ግን የሮችዴሉ ደንብ በሞርሲቶም ይሠራል።

የቀረው መዝገቡን ማስፋት ነው። ባልና ሚስት ሁለቱም አባል እንዲሆኑ፣ የሸክላና የቆዳ ውጤት እንደ ስንዴው በማኅበሩ በኩል እንዲሸጥ፣ መሬት የሌለው ወጣት በወፍጮ፣ በማጓጓዝና በማቀነባበር ሥራ ዕጣ እንዲገዛ በመተዳደሪያ ደንቡ መጻፍ የአንድ ጉባኤ ውሳኔ ይበቃዋል። ይህ ለተገለሉት የሚደረግ ችሮታ ሳይሆን የማኅበሩ የራሱ ጥቅም ነው። ኅብረት ሥራ ኩባንያን የሚገዳደረው በካፒታል ብልጫ አይደለም፣ ካፒታሉ መቼም አይተካከልም፤ በአባላቱ ቁጥርና አንድነት ነው። ጎረቤቱን በትውልዱ ምክንያት ከመዝገብ ያስቀረ ማኅበር ለድርድር ሲቀመጥ ያለውን ብቸኛ ኃይል በገዛ እጁ አሳንሶ ይቀመጣል።